ድርብ ሰረዝ ከቢቸና

ሞጣ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ወልደ ሰንበት፣ ቢቸና

የሞጣ ጊዮርጊስ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ እማዬንና እርስዎን በአንድ ግቢ እንዳኖራችሁ በጤና ያቆይልኝ እያልሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፣ ስለ እኔ አይጨነቁ፣ የጽሕፈት ሱቁ መብራት ባለ ቀን ይከፈታል፣ መብራት በሌለ ቀን ቁጭ ብዬ የራሴን እጽፋለሁ፣ ዛሬ የማስቸግርዎም በዚሁ በራሴ ጽሑፍ ነው።

ባሕር ዳር አንድ አሳታሚ የአዳዲስ ጸሐፊዎችን አጫጭር ልብ ወለዶች በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው፣ እኔም ስለ እማዬ የጻፍሁትን ላክሁ፣ ስሟን ቀይሬዋለሁ ግን እርሷው ናት፣ ትምህርት ቤት ስታጸዳና ደወል ስትደውል የኖረች ሴት፣ አርታኢዋ ታሪኩን ወደደችው፣ ዳሩ ግን ከላይ እንዲህ ብላ ጽፋ መለሰችልኝ፣ «ዐረፍተ ነገሮችሽ ሳያቆሙ ይሮጣሉ። ድርብ ሰረዝ ተማሪና አስተካክለሽ እስከ የካቲት መጨረሻ መልሺልን»፣ እኔ ደግሞ ድርብ ሰረዝን ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አይቻትም አላውቅ፣ ያስተማሩኝም እርስዎ ነበሩ፣ በዚያ ሰዓት እኔ በመስኮት ወንዙን ሳይ ነበር፣ እባክዎ እንደ አዲስ ያስተምሩኝ።

ሁለተኛው ልመናዬ እማዬን አንድ ነገር እንዲጠይቁልኝ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሲቀር የመሄጃውን ደወል ደውላ ትምህርት ቤቱን በሙሉ በተነችው፣ ለምን እንዳደረገችው ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ የእኔ ታሪክ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱን ካላወቅሁ አያበቃልኝም።

የቢቸና ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም፣ መኪናም ቆሟል፣ ይህን የሚያደርሱልዎ ጎረቤቴ ጋሽ ከሊፋ ናቸው፣ ጨርቅ ጭነው በበቅሎ ይመላለሳሉ፣ የእማዬን የደም ግፊት ክኒን በእሳቸው ልኬያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ እንዳትዘልል ይቆጡልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ጸደንያ


ቢቸና
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ

በስምንተኛ ክፍል ወንዝ ስታዪ ዝም ብዬ ያሳለፍሁሽን እኔን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አንቺን ደግሞ ብዕርሽን ይባርክልሽ። ከሊፋ በደኅና ገብቷል፤ ክኒኑም ደርሷል።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልተነፍስ ነው የጨረስሁት፤ የምተነፍስበት ቦታ አልተውሽልኝማ። እናትሽ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ።

እንግዲህ ስሚ። ነጠላ ሰረዝ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር የሚልባት ጊዜ ናት፤ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። አራት ነጥብ የመሄጃው ደወል ነው፤ ሁሉም ደብተሩን ሰብስቦ ይወጣል። ድርብ ሰረዝ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል የምትደወለዋ የአምስት ደቂቃዋ ናት። አንዱ ትምህርት አልቋል፤ ቀጣዩ መምህር ግን በር ላይ ቆሟል።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ከድርብ ሰረዙ በፊትም በኋላም ያለው ዐረፍተ ነገር ለብቻው መቆም አለበት፤ ሁለቱም ደግሞ መፈላለግ አለባቸው። «ዝናቡ ጣለ፤ ከሊፋ በቅሎ አለው» ብትዪኝ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ምን አገናኛቸው ብልሽ ግን መልስ የለሽም። «ዝናቡ ጣለ፤ የከሊፋ ጨርቅ ራሰ» ብትዪ ተፈላለጉ ማለት ነው። ለልምምድ ዐሥር ዐረፍተ ነገር ሠርተሽ ላኪ። የተኮረጀ አልቀበልም።

የደወሉን ነገር ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ሣቀች፤ «እኔ ደወልሁ እንጂ አልጻፍሁ፣ ምን ያደርግላታል» አለች። ኋላ ግን «ለእርሷ ለራሷ እነግራታለሁ፤ ትምጣና» አለችኝ። እኔም አልገፋኋትም።

ሲመሽ እግሯ ያብጣል። በተረፈ ደኅና ናት፤ ክኒኑንም አትዘልልም።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ሞጣ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ወልደ ሰንበት

የታኅሣሡ ገብርኤል ከክፉ ይጋርዳችሁ፤ እርስዎንም፤ እማዬንም፤ ቤቱንም፤ ዶሮዎቹንም፤ ጤና ይስጥልኝ፤ ትምህርቱ ገብቶኛል፤ አዩ እንግዲህ፤ አሁን የሚተነፍሱበት ቦታ በሽ ነው።

ዐሥሩን ዐረፍተ ነገር በሌላ ወረቀት ሠርቻለሁ፤ ስድስተኛውን ራዲያ የሠራችልኝ ናት፤ የጋሽ ከሊፋ ባለቤት፤ «ሱቁ ተከፈተ፤ ገዥ ግን መንገድ ላይ ቀረ» አለችኝ፤ ከእኔ የተሻለ ስለሆነ አስገባሁት፤ ኩረጃ ከሆነ ይዝለሉት።

«ትምጣና» ማለቷን ግን አልወደድሁትም። እማዬ ነገር የምታቆይ ሴት አይደለችም። እግሯ የሚያብጠው እስከ የት ነው? ለገና ልመጣ አስቤ ጋሽ ከሊፋን አብሬዎት ልሂድ ብላቸው «በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ ሰው ሞቷል፤ እኔም የምሄደው ልጆቼን ተሰናብቼ ነው፤ አንቺን ይዤ አልሄድም» አሉኝ። ስለዚህ እውነቱን እርስዎ ይንገሩኝ። ከታመመች ጋሽ ከሊፋ ቢቆጡም በእግሬ እመጣለሁ።

ልጅዎ ጸደንያ


ቢቸና
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ልጄ ጸደንያ

እናትሽ በገብርኤል ዕለት ዐረፈች። በማግሥቱ ቀበርናት። ትናንት ሰልስቷ ወጣ። በየዓመቱ በደወሏ ገብተው የወጡ፣ ዛሬ ልጅ ያደረሱ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው አለቀሱላት። አንቺ ብቻ አልነበርሽም።

መርዶ በወረቀት አይላክም። እኔ ራሴ ስንት ቤት ጎህ ሲቀድ አንኳኩቻለሁ፤ ሁለት ጎልማሳ ከግራና ከቀኝ አስቁሜ፣ ሴቶቹን ከኋላ አድርጌ ነው የተናገርሁት። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ይፈልጋል። አንቺ በኪራይ ክፍል ብቻሽን ነሽ፤ ይህችን ወረቀት ስታነቢ ማን ይይዝሻል? ደግሞ አውቅሻለሁ። ሰምተሽ አታድሪም፤ መንገዱን ትወጪያለሽ። ሁለት መርዶ በአንድ ዓመት አልችልም።

ከሊፋ በቅሎውን ጭኖ በር ላይ ቆሟል። ይህን አልሰጠውም። ሌላ ወረቀት ላውጣ።


ቢቸና
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ

የጸሎትሽን ዋጋ ይክፈልሽ፤ እኛ አለን።

ከሊፋ ስለሚቸኩል አጭር እጽፋለሁ። ድርብ ሰረዝ እንደ በርበሬ ናት፤ ስለጣመች ብለሽ እፍኙን አትጨምሪም። «እማዬንም፤ ቤቱንም፤ ዶሮዎቹንም» ያልሽው ስህተት ነው። ዶሮ ለብቻዋ ዐረፍተ ነገር አትሆንም፤ እዚያ የሚበቃው ነጠላ ሰረዝ ነው። የዘረዘርሽው ነገር ረጅም ሆኖ በውስጡ ሌላ ነጠላ ሰረዝ ካለበት ግን ያን ጊዜ በድርብ ሰረዝ ትለያያለሽ። የራዲያን ዐረፍተ ነገር ትክክል ብያታለሁ፤ ከዘጠኙ የአንቺ ሰባቱ ይስተካከሉ።

የደወሉን ነገር እናትሽ ነገረችኝ። ደመና አይታ ነው። በጮቄ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተጭኖ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ልጆች ሳይሻገሩ ውሃው እንዳይሞላ ብላ ደወለች። ለርእሰ መምህሩ ብነግረው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይለኛል ብላ ነው ሳትጠይቅ የደወለችው። ዝናቡ ግን እዚህ ሳይደርስ ቀረ፤ ያልዘነበ ዝናብ አይታ እንደ ሞኝ መቆጠር አሳፈራትና ዝም አለች።

ለገና አትምጪ። እርሷም አትምጣ ብላለች። መንገዱ ሲከፈት እኔው ራሴ ሞጣ እመጣለሁ፤ ከትንሣኤ አይዘልም።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ሞጣ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ወልደ ሰንበት

የዛሬው አማኑኤል ከእናንተ ጋር ይሁን፤ ያሰባችሁትንም ይሙላላችሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ በምን ቃል ልንገርዎ? ታሪኩ አበቃ። ያልዘነበ ዝናብ አይታ የደወለች ሴት። አጎቴ፣ ይህን እኔ ዓመት ባስብ አላገኘውም ነበር። እማዬን ይሳሙልኝ።

የመጨረሻውን ገጽ አንብበው ይፍረዱኝ፤ ድርብ ሰረዞቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አራት ብቻ ናቸው።

«ደመናው ከተራራው ወረደ፤ ሴትዮዋ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። የምትደውልበትን ብረት አነሣች። ልጆቹ ገና ፈተና ላይ ነበሩ፤ ሰዓቱም አልደረሰም። ደወለች። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ ግቢው በልጅ ሞላ። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ማንንም አላየችም።»

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ምን አደረገች? ፈርታ ነበር? ያንን ይጠይቁልኝ፤ አንድ አንቀጽ ልጨምርበት ነው። አዲስ ክኒን ገዝቻለሁ፤ የፊተኛው እስካሁን አልቆ ይሆናል።

ሰሞኑን ጎረቤቶቼ እንግዳ ሆነውብኛል። ራዲያ ምሳ ሳትልክልኝ አትውልም፤ «ብቻዋን አትደር» ብላም ልጇን ሀሲናን ከእኔ ጋር ታሳድራታለች። የመጽሐፉን ወሬ ሰምተው ገና ሳልታወቅ እያከበሩኝ ይሆናል። ጋሽ ከሊፋ ግን ሰላም ስላቸው ወደ በቅሏቸው ነው የሚያዩት።

ልጅዎ ጸደንያ


ቢቸና
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ

አምላክ የለፋሽበትን አይንሳሽ።

ገጹን አነበብሁት። ድርብ ሰረዞቹ በቦታቸው ናቸው፤ አንዱንም አልነካሁም። የማስተምርሽ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም መተው ነው። ሰው እንደ ልቡ ሲያወራ ነገር ከነገር ይያያዛል፤ ድርብ ሰረዝ ይገባል። የከበደው ሰው ግን አያያይዝም። አንዱን ይናገራል። ያቆማል። ሌላውን ይናገራል። እዚያ ቦታ ላይ ድርብ ሰረዝ ከጨመርሽ የሰውዬውን ሐዘን አስዋብሽበት እንጂ አልነገርሽለትም።

ላነሣሽው ጥያቄ፦ ፈርታ ነበር። ከልጆቹ ኋላ ኋላ እስከ ወንዙ ሄዳ አንድ በአንድ ሲሻገሩ ቆጠረቻቸው። የመጨረሻው ልጅ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘላት።

ክኒን አትላኪ፤ እዚህ ተገኝቷል። ጥያቄም ከእንግዲህ አትላኪባት፤ ይደክማታል።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ሞጣ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ወልደ ሰንበት

ትናንት ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሀሲና ነበረች የከፈተችው። ጋሽ ከሊፋና ራዲያ ቆመዋል። የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ ማርያም ከኋላቸው። የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር አወቅሁ።

ይዘውኝ ነበር። ስለዚህ አይጨነቁ። የሚይዘኝ ሰው ነበረኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ነበረኝ።

ጋሽ ከሊፋ አለቀሱ። «የሞተች ሴት ጨዋታ ሁለት ወር ሙሉ ተሸከምሁ፤ በቃኝ» አሉ። እርስዎ እንዳይነግሩኝ አስምለዋቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔ ራሴ ሄጄ አረዳታለሁ ብለዋቸው ነበር። ጎረቤቶቼ እርስዎን ይጠብቃሉ። እርስዎ መንገዱን ይጠብቃሉ። እኔ ክኒን እገዛለሁ።

የመርዶን ሥርዓት አውቃለሁ። ሥርዓቱ ይሰውራል። ሳምንት ይሰውራል፣ ወር ይሰውራል። በሟች አፍ ግን አይናገርም። አርባዋ የወጣው ጥር 28 ነው። በዚያ ቀን ፍታት ላይ ቆመው ሳለ እኔ ምን ስጽፍልዎ እንደዋልሁ ያውቁታል። ድርብ ሰረዝ ቆጥሬ እየላክሁልዎ ነበር። እማዬን ይሳሙልኝ ብዬ ነበር።

ታሪኩን አልላክሁም። ሰባት ቀን ቀርቶታል። ከደመናው በላይ ያለው ገጽ የእኔ ነው። ደመናው የማን ነው? ወንዝ ወርዳ ልጆች የቆጠረችው ማን ናት? ከአሁን በኋላ እማዬን ሳስብ የምትታወሰኝ እርሷ ትሁን እርስዎ የፈጠሯት ትሁን አላውቅም። ይህን ነው የወሰዱብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። በእውነት የተናገረችውን። ቢያምርም ባያምርም። ጋሽ ከሊፋ ይህችን አንዲት ደብዳቤ እሺ ብለውኛል፤ መልሱንም ያመጡልኛል። ከዚያ በኋላ አይመላለሱም።

ጸደንያ አስናቀች
(የእናቴን ስም ነው የምጽፈው)


ቢቸና
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸደንያ

ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ታኅሣሥ 22 ጽፌ ያልላክሁትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። አንብቢውና የፈለግሽውን ፍረጂ።

ደመናው የእኔ ነው። ወንዙም፣ ቆጠራውም፣ እጁን ያወዛወዘው ልጅም የእኔ ናቸው። እናትሽ ያን ቀን ለምን እንደ ደወለች አላውቅም። በዚያ ጊዜ ምክትል ርእሰ መምህር ነበርሁ፤ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍሁባት እኔ ነኝ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍሁት። አንድም የሥርዓተ ነጥብ ስህተት አልነበረበትም። ለምን አደረግሽው ብዬ ግን አልጠየቅኋትም፤ እኅቴ ናት ብሎ አዳላ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ኖርን፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። አንቺ በጠየቅሽኝ ጊዜ ነው የጠየቅኋት፤ እርሷ ግን ለአንቺ አስቀመጠችው። ይዛው ሄደች።

መጀመሪያ የጻፍሁት አንቺን ከመንገድ ለማስቀረት ነበር። ይህን እምልልሻለሁ። ኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። በአፏ ስጽፍ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፤ ዶሮዎቹን እንኳ ለጎረቤት ሰጥቻቸዋለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣ እናትሽ የምትመልሰው ጥያቄ መጣላት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። የዘገየው የአንቺ ልቅሶ ብቻ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እንዳይነጋ ነበር የምፈልገው።

ታሪኩን ላኪው ወይም ቅደጂው። ደመናውን አውጥተሽ «ለምን እንደ ደወለች ማንም አያውቅም» ብትዪ ውሸት አይሆንብሽም። ከእንግዲህ አላርምሽም።

በእውነት የተናገረችውን ጠየቅሽኝ። ይኸውልሽ።

ታኅሣሥ 17 ቀን ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ነበር። «ጸደንያን ጥሩልኝ» አለች። ከሊፋ አልነበረም፤ ስልክ የለም፤ የሚሄድልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። «ተልኮባታል» አልኋት። ከሰዓት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ «ተነሥታለች» አልኋት። በማግሥቱ «የት ደረሰች?» አለች። «ግንደ ወይን አድራለች» አልኋት። በገብርኤል ጠዋትም ጠየቀችኝ። «ደብረ ወርቅ ደርሳለች» አልኋት። «እንግዲያማ ቀርባለች» አለች። ፈንታነሽን፣ ጎረቤታችንን፣ አስጠርታ ፀጉሯን አስበጠረች። ደግፉኝ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ከዚያ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እግሯን የምትታጠብበት ውሃ ጣዱላት» አለች። ፈንታነሽ ጣደች። ውሃው ሳይሞቅ ዐረፈች።

ወልደ ሰንበት